የቁልፍ ብር

ፍራሹ ፒክአፑ ላይ ሲወጣ በቀለች መቀሷን አስቀመጠች።

ከማለዳው ጀምሮ በረንዳዋ ላይ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ አንድ ዓይኗ ጨርቁ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ግቢው ላይ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ወጣ። ቀጥሎ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ጠረጴዛ። ከዚያ ምድጃው፣ ሦስት ባልዲ፣ በአንሶላ የተቋጠረ ልብስ። ተከራይዋ ሰናይት በክፍሏና በፒክአፑ መካከል ሃያ ጊዜ ተመላልሳለች፤ ስለ ኪራይ ግን አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። የሐምሌ አልተከፈለም። የነሐሴም አልተከፈለም። ፍራሽ ደግሞ መጨረሻ የሚጫን ዕቃ ነው። ሰው የሚተኛበትን ከጫነ የሚቀረው መሳፈር ብቻ ነው።

አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር ሳታወልቅ ወርዳ መዝጊያው ላይ ቆመች።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት የሰናይት ክፍል ይፈርሳል። ነቀምቴ መንገዷን እያሰፋች ነው፤ ክፍሉ ከመንገዱ ጋር የተጋጠመ በመሆኑ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ወር አልፎታል። እስከ ዛሬ ለግቢው አጥር ሆኖ የኖረው ይኸው ክፍል ነው። ሲፈርስ ስድስት ሜትር ክፍት ይቀራል። በቀለች ሦስት ጊዜ ለክታዋለች፤ ስድስት ሜትር ከአራት ጣት። በዚያ ክፍት በኩል ከመንገድ ፊት ለፊት የሚታየው በረንዳዋ ነው። በረንዳው ላይ ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ ከእነሱ ኋላ ለመስከረም መድረስ ያለበት የስድሳ ሦስት ተማሪ የደንብ ልብስ ጨርቅ ተቆልሏል፤ ሁሉም የሰው አደራ ነው። አጠናውን ገዝታ አስልጣ አዘጋጅታለች። የፈራሹ ክፍል ጣሪያ ለአጥር እንኳ አይሆንም፣ ዝገቱ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የሚያስፈልጋት ስምንት ደህና ቆርቆሮ ነው፤ ስምንቱ ቆርቆሮ ደግሞ የሰናይት የሁለት ወር ኪራይ ነው። ሌላ የምታመጣበት የላትም።

«ሰናይት፣ እንዲሁ ልትሄጂ ነው? ሳንነጋገር?»

«ምነው አዴ በቀለች? ቁልፉን ላስረክብዎት እየመጣሁ ነበር እኮ።» ሰናይት ላቧን በክንዷ ጠረገች። የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ከጎጃም መጥታ ሦስት ዓመት እዚህ አስተምራ አሁን ወደ አኖ ከተማ ተዛውራለች።

«የሁለት ወር ኪራይ አለብሽ።»

«እሱማ ከመያዣዬ ላይ ነዋ! ኪራዩ በወር ሦስት ሺህ፣ መያዣዬ ስድስት ሺህ። ተቻችለናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«መያዣሽ ማን ጋ ነው?»

«እርስዎ ጋ ነዋ።»

«በየትኛው እጄ ነው የተቀበልኩሽ?»

ሾፌሩ ሌንጮ ገመድ ማሰሩን ትቶ ዞረ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሰው ጠብ የማያመልጠው ዓይነት። «ማሎ አዴ፣ እባካችሁ ቶሎ ተጣሉ። ሸራዬ ቀዳዳ ነው፣ ሰማዩን እዩት።»

ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል።

«ከእኔ በፊት ለነበረው ለባቻ ነው የከፈልኩት» አለች ሰናይት ድምጿን ቀንሳ። «እዚሁ በረንዳ ላይ ቆጥሬ ሰጠሁት። ጋሽ ያደታ ቆመው እያዩ። ‹ቁልፉን ለሷ ስጣት፣ ብሩን ተቀበላት› ያሉት እሳቸው ናቸው።»

ይህ እውነት ነው፤ በቀለችም ታውቀዋለች። ባሏ ያደታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰው ገንዘብ ቤቱ ውስጥ እንዲያድር አይወድም ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ተከራይ አምባዬ ሲገባ አራት መቶ ብር መያዣ ተቀበለውና በወሩ በላው። አምባዬ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለቅ የሚመለስለት ብር ጠፋ። ያኔ ያደታ አንድ መላ አመጣ። የሚገባው ሰው መያዣውን ለሚወጣው ሰው ይስጥ፤ ብሩ ከቁልፉ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ፤ ባለቤቱ ከመሀል ይውጣ። የመያዣው ልክ ሰውየው በሚገባበት ጊዜ ያለው የሁለት ወር ኪራይ ነው። ተከራዮቹ ወደዱት፤ ለመውጫቸው ደጅ የሚጠኑት ባለቤት አልኖረም። «የቁልፍ ብር» አሉት። ጎረቤቱም ቀዳ፤ ዛሬ በዚያ ሰፈር የቁልፍ ብር ያልሰጠና ያልተቀበለ ተከራይ የለም።

የሚቀጥለው ተከራይ የማይመጣበት ቀን ይኖራል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

«እንግዲህ ባቻን ጠይቂዋ» አለች በቀለች።

«እኔ ቤት የተከራየሁት ከባቻ ነው ወይስ ከእርስዎ?»

«ባቻ ጋ ነው ብርሽ!»

«ባቻ የእኔ አከራይ አይደለም!»

ሌንጮ ጡሩንባውን በክርኑ ተጫነው። ሁለቱም ደነገጡ። «አንዳችሁ ትክክል ከሆናችሁ ሌላኛችሁ ትሳሳታለች። ሁለታችሁም ትክክል ከሆናችሁ ግን የሚሳሳተው እኔ ነኝ፣ ስምንት ሰዓት ላይ አኖ ሌላ ጭነት ይዣለሁ።»

በቀለች መዝጊያውን ልትቆልፈው ትችል ነበር። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው። የሰናይት ትከሻ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ቦርሳ አየች፤ ተማሪ የምታዝ ሴት ቦርሳዋን በሁለት እጅ ስትይዝ ውስጡ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ሰናይትም ማየቷን አየች።

«ይሄ የአኖ ቤቴ ነው» አለች። «እዚያም መያዣ ተጠይቄያለሁ። ይሄን ከወሰዱብኝ ዛሬ ማደሪያ የለኝም።»

በቀለች መቀርቀሪያውን ለቀቀችና ወደ ፒክአፑ ሄዳ የጋቢናውን በር ከፈተች። «ግቢ። ባቻ ከገበያው በታች አሮጌ ቆርቆሮ ይሸጣል። እሱን እስክናገኝ ከዚህ ዕቃ አልለይም።»

«ጋቢናው ለሁለት ሰው ነው» አለ ሌንጮ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጠበበ አትበለኝ።»

ሦስት ሆነው ገቡ። በቀለች መሀል ላይ የማርሽ ዘንጉን በጉልበቷ እየሸሸች ተቀመጠች። ሌንጮ ማርሽ በቀየረ ቁጥር «ይቅርታ አዴ» ይላል፤ እሷ ትሸሻለች፤ ሰናይት ከበሩ ጋር ትጣበቃለች። ባጃጆች በቀኝም በግራም ይሽሎከለካሉ። ከኋላ ባልዲው እየተንኳኳ ነው። በቀለች አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ፍራሹን፣ አንዴ የእጅ ሰዓቷን ታያለች። ቆርቆሮ ተራ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገ እሑድ ነው፣ ማንም አይሸጥም። ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት አፍራሾቹ ይመጣሉ።

«ምን ይላል ባቻ?» አለች ሰናይት መስኮቱን እያየች። «ምንም ወረቀት የለንም።»

የበቀለች ሐሳብ ስድስት ሺው ላይ ነበር። ስድስት ሺህ ብር አይጠፋም። ጨርቅ ሲቆረጥ ቁራጩ የት እንደወደቀ መፈለግ ነው እንጂ ጨርቁ አልጠፋም። ያደታ ከአምባዬ አራት መቶ ወሰደ። አምባዬ ሲወጣ ከባቻ አንድ ሺህ አምስት መቶ ተቀበለ፤ የሰጠው አራት መቶ ስለነበር አንድ ሺህ አንድ መቶ ተረፈው። ባቻ ሲወጣ ከሰናይት ስድስት ሺህ ተቀበለ፤ አራት ሺህ አምስት መቶ ተረፈው። ሦስቱን ቁራጭ አንድ ላይ ስትሰፋቸው ልክ ስድስት ሺህ ይመጣሉ። አንድ ብር እንኳ አይጎድልም። ቁራጮቹ ሦስት ቤት ወድቀዋል፤ ትንሹ ቁራጭ ደግሞ የወደቀው የራሷ ቤት ነው።

ይህን ስታገኝ ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስታው ግን አልመጣም።

ባቻ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሩቅ እያለች አወቃት። ትልቅ ሰው ነው፤ ቅዳሜም ቢሆን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሁለቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሚያመልኩት፤ እሱ ወንበር ያስተካክላል፣ እሷ የመዘምራኑን ልብስ ትሰፋለች።

«አዴ በቀለች! አካም ቡልተኒ? ይሄ ሁሉ ጭነት ምንድን ነው፣ ልትሰደዱ ነው?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ባቻ፣ ቁጭ ብለን የምንጫወትበት ጊዜ የለኝም። ቤቱ ሰኞ ይፈርሳል። የሚገባ ሰው የለም። ከሰናይት የተቀበልከው የቁልፍ ብር ላይ የተረፈህን ልትሰጠኝ ነው የመጣሁት።»

ባቻ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ሰናይትን አየ፣ ቀጥሎ በቀለችን አየ፣ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«የተረፈኝ?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰጥተህ ስድስት ሺህ ወሰድክ። አራት ሺህ አምስት መቶ።»

«አዴ ኮ፣ ልንገርዎት? ያንን ትርፍ የሰጠኝ ማነው? እርስዎ ነዎት። ኪራዩን ሰባት መቶ ሃምሳ ላይ ነው ያገኘሁት። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጨመራችሁብኝ። ሦስት ሺህ ባይገባ ኖሮ የቁልፉ ብር ስድስት ሺህ ይሆን ነበር? ጭማሪውን በየወሩ ስከፍል የነበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ‹ባቻ እንዴት ቻልከው› ያለኝ አለ?»

በቀለች ፊቷ ጋለ። አራት ጊዜ ጨምረዋል፤ ሁለቱን ያደታ ጨመረ፣ ሁለቱን እሷ ገፋፋችው። «እሱ እውነት ነው» አለች።

ባቻ ይህን አልጠበቀም። ክርክር ፈልጎ እውነት ሲሰጠው ተደናቀፈ። «ኮርኒስም አሠርቼበታለሁ» አለ ዝቅ አድርጎ።

«ለኮርኒሱ ብለን የሁለት ወር ኪራይ ትተንልሃል።»

«እሺ፣ እሱ ይቅር። ግን አሠራሩ ነው፣ አዴ! እኔ ያመጣሁት አይደለም። ይቺን ሱቅ ስገባ እኔም ለሚወጣው ሰውዬ፣ ለሳህሉ፣ አርባ ሺህ ቆጥሬለታለሁ። አርባ ሺህ! ስወጣ ደግሞ የሚገባው ይሰጠኛል። ማንም ዞሮ ማንንም አይጠይቅም።»

ሌንጮ ከፒክአፑ ላይ ወርዶ መጥቶ ምሰሶ ተደግፎ ይሰማል። በቀለች እሱን ልታይ ዞር ስትል ምሰሶውን አየችው። ከሌንጮ ትከሻ በላይ፣ እንጨቱ ላይ፣ ቀይ ቀለም ነበር። ቁጥርና ወደ ውስጥ የሚያመለክት ቀስት። የቀለሙ ዓይነት፣ የብሩሹ ስፋት፣ የቀስቱ ጫፍ መጣመም፣ ሁሉም ከሷ ግድግዳ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት መርፌ ይዛለች፤ የአንድ እጅ ሥራ ከሩቅ ትለያለች።

«ባቻ፣ ይሄ መቼ ተቀባ?»

«እሱ? ማክሰኞ። ለመብራት ምሰሶ ነው አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ሰዎች።»

«የእኔንም ለመብራት ምሰሶ ነው ብለው ነበር። ደብዳቤው በሁለት ሳምንቱ መጣ።»

ባቻ ወደ ምሰሶው መጣ። ሌንጮን በእጁ ገለል አደረገው። ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀው፤ አልለቀቀም። ከዚያ ወደ ጎን ሄዶ የጎረቤቱን ምሰሶ አየ። ከዚያም የቀጣዩን። መላው ረድፍ ተቀብቷል። አራት ቀን ሙሉ ሥሩ ሲወጣና ሲገባ ኖሮ ዛሬ ገና ማንበቡ ነበር።

«ስትወጣ ማነው የሚገባው?» አለችው በቀለች። ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ራሷ ያን ጥያቄ ተሸክማ ስለመጣች ክብደቱን ታውቀዋለች።

ባቻ ሸሚዙን አንገቱ ላይ ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈው። ሱቁ ውስጥ ገባ፣ ያለ ምንም ነገር ወጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሳህሉ ስንት ሰጥቶ ነበር የገባው?» አለ ለማንም ሳይናገር። «አሥራ አምስት? አሥራ ስምንት?»

«ጠይቀው» አለች ሰናይት።

«ብጠይቀው ምን ይለኛል? ‹አሠራሩ ነው፣ ማንም ዞሮ ማንንም አይጠይቅም› ይለኛል።» እዚህ ላይ ሲደርስ የራሱን ቃል ሰማው። ወደ ሰናይት ዞረ። የማስተማር ልማዷ ይሆናል፣ ሰናይት መልሱን አልነገረችውም፤ እስኪደርስበት ጠበቀችው።

«አዴ በቀለች» አለ በመጨረሻ። «እሰጥዎታለሁ። በጥሬው የለኝም፣ በቆርቆሮ ነው። ባለ ሁለት ሜትር፣ ያገለገለ ግን ደህና፣ አንዱን በሰባት መቶ ሃምሳ ነው የምሸጠው። ስድስት ይመጣል። ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ወረቀት።»

«የምን ወረቀት?»

«መመለሴን የሚል። ከቁልፍ ብር ላይ የተረፈኝን ቤቱ ሲፈርስ መመለሴን። ሳህሉ ፊት የምዘረጋው ወረቀት። እኔ ሳልከፍል ብጠይቀው ይስቅብኛል።»

ሰናይት ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ የቆርቆሮ ቁልል ላይ አስደግፋ ጻፈች። ባቻ በትከሻዋ ላይ ያነባል። «‹የበላሁትን› አትበይ እባክሽ፣ ‹የተረፈኝን› በይ።» ቃሉ ተቀየረ። «‹በገዛ ፈቃዴ› የሚል አስገቢበት።» ገባ። ምስክር ሲያስፈልግ ሌንጮ እጁን በሱሪው ጠርጎ ፈረመ። «ለምስክርነት የሻይ የለውም?» አለ።

ቆርቆሮዎቹ እየተቆጠሩ ሳሉ ባቻ አንድ ነገር ትዝ አለው። «የቀረው እኔ ጋ አይደለም። አንድ ሺህ አንድ መቶው አምባዬ ጋ ነው። ከተጠየቀ ሁሉም ይጠየቅ።» ስልኩን አወጣ። አምባዬ እህል ነጋዴ ነበር፤ ክፍሉን ለቆ ወደ አገሩ ጊዳ አያና ከተመለሰ አሥር ዓመት አልፎታል። በቀለች ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። በተለይ በነዚያ ክፉ ዓመታት መንገዱም ስልኩም ሲዘጋ ያደታ «አምባዬ ምን ሆኖ ይሆን» ይል ነበር፤ እሷም «እግዜር ያውቃል» ትላለች፤ ከዚያ ያለፈ አላደረጉም።

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ባቻ ድምፁን ከፍቶ ለበቀለች ሰጣት።

«አምባዬ? በቀለች ነኝ። የነቀምቴዋ፣ የያደታ።»

መስመሩ ላይ ነፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ «እትዬ በቀለች?» አለ ያረጀ ድምፅ። «እትዬ በቀለች! ኧረ እኔ አፈር ልብላልዎ! አስታወሱን? እናንት ልጆች፣ ኑ፣ የነቀምቴዎቹ ደወሉ!»

«እንዴት ናችሁ አምባዬ?»

«አለን። ከተፈናቀልንበት ተመልሰናል። ዓመት ሊሆነን ነው። ግድግዳው ቆሞ ነው ያገኘነው፣ ጣሪያውን ወስደውታል፤ ሸራ ወጥረን ነው ያለነው። በሕይወት አለን፣ እሱ ይበቃል። ጋሽ ያደታስ? ያቺ ሳቃቸው?»

«ያደታ ዐረፈ፣ አምባዬ። ባለፈው ዓመት።»

ከዚያ በኩል አምባዬ ሲያለቅስ ተሰማ። ሌንጮ ወደ ፒክአፑ ሄደ። ባቻ ጣቱን አንስቶ «አንድ ሺህ…» ሊላት ሲል በቀለች በመዳፏ ገፋችው።

«ለዚህ ነው የደወሉልኝ» አለ አምባዬ አፍንጫውን እየሳበ። «መርዶ ሊያረዱኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ብለው ያስታወሱን እርስዎ ነዎት። ሌላ የምለው የለኝም።»

«አዎ» አለች በቀለች። «ለዚህ ነው።»

ስልኩን ለባቻ መለሰችለት። ውሸቱ ከተናገረችው በኋላ እንኳ አንደበቷ ላይ ነበር። ስለ አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ብላ ባትደውል ኖሮ፣ ያደታ መሞቱን አምባዬ እስከ መቼም ላይሰማ ይችል ነበር። ባቻ ስድስተኛውን ቆርቆሮ ራሱ ተሸክሞ ጫነ።

ሲመለሱ ጠብታ ጀመረ። ሌንጮ ቆርቆሮዎቹን ፍራሹ ላይ አጋድሞ ስለነበር ሸራ ሆኑለት። «እስከ አኖ ብወስዳቸው?» አለ። «ፍራሹ ደርቆ ይገባ ነበር።» በቀለች ፈገግ እንኳ አላለች። ስድስት ቆርቆሮ ቆመው፣ ጠርዛቸው ተደራርቦ ሲደረደሩ አራት ሜትር ተኩል አይሞሉም። አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ይቀራል። በሬ ያስገባል።

ግቢው በር ላይ ቆርቆሮዎቹ ወረዱ። ሰናይት ቁልፉን ዘረጋች፤ በቀለች ተቀበለች። ሰኞ የሚፈርስ ቤት ቁልፍ።

«አዴ በቀለች፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይቀራል» አለች ሰናይት። ቦርሳዋን አሁንም በሁለት እጅ ይዛለች። «ከመስከረም ደመወዜ…»

«ካንቺ አይደለም የቀረው። አራት መቶው ያደታ የበላው ነው። ሌላውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂ። ፍራሽሽ ሊረጥብ ነው። አኖ ስትገቢ ግን መያዣሽን ለማን እንደምትሰጪ ዓይተሽ ስጪ።»

«ለባለቤቱ ነው የምሰጠው። በወረቀት።»

«ይሁንልሽ።»

ሌንጮ ጡሩንባውን ሁለቴ ነፍቶ በጭቃው ውስጥ ተንሸራተተ። በቀለች መዝጊያውን ዘግታ ወደ ቆርቆሮዎቹ ተመለሰች። አንዱን ግድግዳው ላይ አቆመችው፤ ከራሷ በላይ ሆነ። ዞረችው። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ሳበች፣ ሁለት ሜትር በሰማንያ ሳንቲ። ጨርቅ ሲያንስ ልብስ ሰፊ የምታደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጎኑን ማጥበብ ካልቻለች ቁመቱን ታሳጥራለች። ቆርቆሮውን አጋደመችው። ሦስት ተጋድመው ስድስት ሜትር። ሌላ ሦስት በላያቸው። ሁለት ረድፍ፣ ጠርዛቸው ሲደራረብ አንድ ሜትር ተኩል። አራት ጣቷ ብትቀር ትቅር።

ከቆርቆሮው አጠገብ ቆማ በእጇ ለካችው። አገጯ ላይ ደረሰ። ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ፊቷን ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። ሌባ ሊዘለው ይችላል፣ ግን መዝለል ይኖርበታል። ላም አይገባም። ዝናብ ሲጥል ጨርቁን ወደ ውስጥ ታስገባለች። ሚስማር ስንት እንደሚፈልግ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት።

«አዴ በቀለች።»

ኬኔ ነበረች፤ ከኋላ ካሉት ክፍሎች አንዱን ከተከራየች ዓመት ተኩል ሆኗታል። ፀጉር ቤት ውስጥ ትሠራለች። ፀጉሯ ላይ ፌስታል ደፍታ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ የቤት ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሰጥሟል። ጠዋት የነበረውን ጭቅጭቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በበሯ ስንጥቅ እንደሰማች ፊቷ ላይ ተጽፏል።

«እኔ የከፈልኩት ከእኔ በፊት ለነበረችው ለናኦሚ ነው» አለች። «ሰባት ሺህ። ስልኳ መሥራት ካቆመ ስድስት ወር ሊሆነው ነው።»

«ያንቺ ክፍል አይፈርስም።»

«ዛሬ አይፈርስም። መንገዱ ሌላ ጊዜ ቢሰፋስ? እኔ ቸኩዬ ብወጣስ፣ ሰው ባይገኝስ? ማን ጋ ነው ብሬ?»

በቀለች ከኬኔ ትከሻ በላይ አየች። ከኋላ ከኬኔ በር ሌላ ሦስት በሮች አሉ። ሁሉም ላይ ተከራይ አለ፣ ሁሉም ቁልፍ ይዟል፣ ሁሉም ቁልፉን ሲቀበል ለአንድ ሰው ቆጥሮ ሰጥቷል። ከሦስቱ አንዱ ትንሽ ከፈት ብሏል፤ ከውስጥ የሚሰማ ሰው አለ።

«ናኦሚ ስትገባ ለማን ነበር የሰጠችው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ከሷ በፊትስ?»

«አዴ፣ እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት እኮ።»

አታውቀውም። ያደታ ከመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ስንት ስንት እንደተቀበለ ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ዝናቡ በተጋደመው ቆርቆሮ ላይ ይወርድ ጀመር። ኬኔ ስትጠብቅ ክብደቷን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ታዛውራለች።

«ነይ ከዝናቡ ውጪ» አለች በቀለች፤ ቀድማ ወደ በረንዳው ወጣች። ወንበር ሳበችላት፣ ራሷ ግን አልተቀመጠችም። ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ አነሳች፤ መጻፊያ ብላ ዙሪያውን አየች፤ ያገኘችው የመቁረጫ ጠረጴዛውን ብቻ ነው። «እነዚያንም ጥሪያቸው» አለች ወደ ሦስቱ በሮች እያመለከተች። «ሁላችሁም ለማን እንደሰጣችሁ ንገሩኝ። ካንቺ እንጀምር። ናኦሚ፣ ሰባት ሺህ። አገሯ የት ነበር?»